ለ«ይዋጣልን» እና ለማጅራት መቺ አንድ ዓይነት መልስ የለም

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቴኳንዶ ሳሠለጥን ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «በዚህ ምት ሰው ይወድቃል?» እያሉ ነው። ይወድቃል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ የሚወድቅበት ቦታ ነው። ውድድር ላይ ምንጣፍና ዳኛ አለ፣ በኦሊምፒኩ የቴኳንዶ ሕግ ፊትን በቡጢ መምታትም ክልክል ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን በአንድ ቡጢ ራሱን የሳተ ሰው እጁን እንኳ ሳይዘረጋ ወደ ኋላ ተዘርሮ ጭንቅላቱ ከድንጋዩ ሲጋጭ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የገቡበት ጠብ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የክብር ጠብ ጊዜ ይሰጣል፤ ስድብ ይቀድማል፣ «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ» ይባላል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ስልክ ለጓደኛ ይሰጣል። ጃኬት ለማውለቅ ጊዜ ካለ ለመሄድም ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ መዳፍዎን ወደ ፊት አድርገው ሁለቱንም እጆችዎን እስከ አገጭዎ ያንሡ፤ ለተመልካች ልመና ቢመስልም ፊትን የሚጠብቅ አቋም ነው። ከዚያም «ይቅርታ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» እያሉ፣ ጀርባዎን ሳይሰጡ፣ ሰው ወዳለበት ይራቁ። ጥፋቱ የእርስዎ ባይሆንም ይበሉት። ይህችን ቃል ለማውጣት ከማንም በላይ የሚቸገሩት ጥቁር ቀበቶ የታጠቁ ልጆች መሆናቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ማጅራት መቺ አይሳደብም። አምሽተው ከታክሲ ወርደው መብራት በሌለው መንገድ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲያቀኑ ከኋላ መጥቶ ክንዱን አንገትዎ ላይ ይጠመጥማል፤ የአንገት የደም ሥሮች በሁለቱም ጎን ከተጫኑ በ10 ሰከንድ ገደማ ራስን ያስታል። የተማሩትን ከፍ ያለ ርግጫ ይርሱት። አገጭዎን ወደ ክርኑ መታጠፊያ ይቅበሩ፣ ክንዱን በሁለት እጅ ጨብጠው ወደ ደረትዎ ይሳቡ፣ ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ እያሉ ሰውነትዎን ወደ ክርኑ አቅጣጫ ያዙሩ። እንደተላቀቁ ይጩኹ፣ ይሩጡ፤ ተመልሶ መምታት አያስፈልግም፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሰው አለና። ፊት ለፊት ቆሞ ስልክ የሚጠይቅዎ ከሆነም ስልኩን ይስጡት።

ሕጉም ሁለቱን ይለያል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 መከላከልን ከቅጣት ነጻ የሚያደርገው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና መከላከሉም ተመጣጣኝ ሲሆን ነው፤ ከመጠን ማለፍን የሚመለከተው አንቀጽ 79 ነው። ቀጠሮ ይዞ የተደባደበ ሰው፣ የወደቀውንም የረገጠ ሰው «ራሴን ስከላከል ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ጉዳት ከደረሰ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ።

ይህን የማነቂያ ማስለቀቂያ በሳምንት አንድ ቀን፣ በባዶ እግር ሳይሆን በዘወትር ጫማዎና በጃኬትዎ፣ ቦርሳ እንደያዙ ይለማመዱት። አናቂው ጓደኛዎ ቀስ ብሎ ይጀምር፤ ክንዱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉትም ወዲያውኑ ይልቀቅዎ።