በእንግሊዝኛ ስምና ተውላጠ ስም ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝኛ ስንናገር ቃሉን ብንቀይርም፣ ዓረፍተ ነገሩን ብዙ ጊዜ የምንሠራው በአማርኛ ሕግ ነው። ይህ ደግሞ ስምና ተውላጠ ስም ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከቁጥር እንጀምር። በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ብንል ማንም አያርመንም። ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙን ማብዛት ግድ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይቀበልም፤ «ስሪ ቡክ» ሳይሆን «ስሪ ቡክስ» ነው። «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» የሚሉም ብዙ ናቸው። ከጓደኞቼ አንዱ ለማለት ስለሆነ «ፍሬንድስ» መባል አለበት።

በተቃራኒው ደግሞ የማይበዛውን እናበዛለን። መረጃዎች፣ ምክሮች ማለት ስለለመድን «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ» እንላለን። እነዚህ በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ ስሞች ናቸው። «ኤስ» አይጨመርባቸውም፤ «ኤ»ም ሆነ «አን» ከፊታቸው አይገባም። አንድ ምክር ለማለት «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል። «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ» እና «ኢኩዊፕመንት»ም እንደዚሁ ናቸው። «ኒውስ» መጨረሻው ላይ «ኤስ» ስላለው ያታልላል እንጂ ነጠላ ነው፦ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ»።

ከሁሉም ቀድሞ መታረም ያለበት ግን ተውላጠ ስምን መዝለል ነው ብዬ አምናለሁ። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይዟል። «መጣች» ካልን እሷ መሆኗ ታወቀ። «ኬም» ግን ብቻውን ማን እንደመጣ አይነግረንም፤ «ሺ ኬም» ማለት የግድ ነው። አድራጊ በሌለበት እንኳ ቦታው ባዶ አይተውም። «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢዝ ሬይኒንግ» አይበቃም፤ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ነው። የጻፉትን ሲያርሙ እያንዳንዱን ግስ «ማን?» ወይም «ምን?» ብለው ይጠይቁት። ትእዛዝ ካልሆነ በቀር መልሱ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መኖር አለበት። ሁለት ጊዜም መኖር የለበትም፤ «ማይ ብራዘር ሂ ኬም» ሲባል «ሂ» ትርፍ ናት።

አክብሮትም ያሳስተናል። «አባቴ መጡ» ብለን ስላደግን አባትን «ሂ» ማለት ማቃለል ይመስለናል፤ ስለዚህ «ዘይ» እንላለን። ሰሚው ግን ብዙ ሰዎች የመጡ ይመስለዋል። «ሂ» ውስጥ ንቀት የለም፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም እኩል ያገለግላል። ፀሐይን ወይም መኪናን «ሺ» ማለትም ከአማርኛ የመጣ ነው፤ ለግዑዝ ነገር በተለምዶ «ኢት» ይበቃል።

ባለቤትና ተሳቢ ሲምታታ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሌላውን ሰው አውጥቶ መሞከር። «ሚ ዌንት» ስለማይባል «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ ዌንት» ይሆናል። «ሂ ሶው አይ»ም አይባልም፤ ስለዚህ «ሂ ሶው ማይ ፍሬንድ ኤንድ ሚ» ነው። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» የሚለው የተማረ ሰው አነጋገር ቢመስልም ትክክለኛው «ሚ» ነው።

«ኤቭሪባዲ» ሁሉንም ቢያጠቃልልም ግሱ ነጠላ ነው፤ «አር» ሳይሆን «ኢዝ» ይከተለዋል።

በጽሑፍ ደግሞ «ኢትስ» አለ። ከ«ኤስ» በፊት ከላይ ጭረት ካለው «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ማለት ነው፤ ከሌለው ባለቤትነትን ያሳያል። ሲጠራጠሩ ዘርዝረው ያንብቡት። ትርጉም ካልሰጠ ጭረቷን ያውጧት።