«ደጋ ነው፣ ትል የለም» ከማለታችሁ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ላብራቶሪያችን በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ይመጣሉ። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። ብዙዎቹ የሚመርጡት ርዕስ ያው ነው፦ ከፍታና የተማሪዎች የሆድ ትል። ስህተታቸውም ያው ነው።

«አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርድ ነው፤ ትል አይኖርም» ብለው ይጀምራሉ። የትኛው ትል? የመንጠቆ ትል እጭ ሞቃትና እርጥብ አፈር ይፈልጋል፤ ብርድ አይስማማውም። የወስፋት እንቁላል ግን ወፍራም ቅርፊት አለው። ብርዱ እድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቀበና ወንዝ ዳር ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላን ልጅ ከፍታው አያስጥለውም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። የካቶ-ካትዝ ስላይድ (ሰገራ በግሊሰሪን ጠርቶ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበት መስታወት) ሠርታችሁ ማኪያቶ ልትጠጡ አትውጡ! ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትልን እንቁላል ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከዓይን ያጠፋዋል። የወስፋቱ ግን ይታያል። ዘግይቶ ያነበበ ሰው ወስፋት ብቻ ያገኝና «ይኸው፣ ደጋ ስለሆነ ነው» ይላል። ከፍታው ምን አደረገ? ማኪያቶው ነው እንጂ። አንዱ ደግሞ አርባ ምንጭ አካባቢ ያዘጋጃቸውን ስላይዶች በአውቶቡስ ጭኖ በማግስቱ እኛ ጋ ይዞ መጣ። መንጠቆ ትል ዜሮ! በዚያ ሙቀት አገር! ጭራሽ «አዲስ ግኝት ነው» አለኝ። ሄደህ ናሙናውን እንደገና ሰብስብ፣ እዚያው አንብብ አልኩት። አኮረፈ።

የትምህርት ቤቱን ከፍታ በጂፒኤስ ለክቶ ልጁን ግን «ክረምቱን የት ከረምክ?» ብሎ አለመጠየቅም አለ። ዝዋይ አያቱ ጋ ሐይቅ ሲዋኝ የከረመ ልጅ ቢልሃርዚያ ቢገኝበት፣ ፒያሳ አልያዘውም። በተመለሰ በሳምንቱ ተመርምሮም ነፃ ነው አይባልም። የቢልሃርዚያ እንቁላል ሰገራ ላይ እስኪታይ ከ1 ወር በላይ፣ የወስፋት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል።

ጫማ፣ ሽንት ቤትና ውሃ ሳትመዘግቡ ደጋና ቆላን አታወዳድሩ።

ከትሉ ጋር የደም ማነስን ለማየት ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) የምትለኩም ስሙኝ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ የደም ማነስ መለያው በዲሲሊትር 11.5 ግራም የሆነው በባሕር ጠለል ደረጃ ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር፣ ለአዲስ አበባ ከፍታ ከንባቡ ቢያንስ 1 ግራም ያህል ካልቀነሳችሁ፣ 12 የተነበበለት ልጅ ጤነኛ መስሎ ያመልጣችኋል። የመቀነሻ ሰንጠረዡን የዓለም ጤና ድርጅት አውጥቶታል፤ ከራሳችሁ አትፈልስፉ።