ለሽንትና ለስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ሲወስዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ዕድሜ ሲገፋ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት፣ ሽንት ቤት ገብቶ ቆሞ መጠበቅ፣ አለቀ ሲሉት ጠብ ጠብ ማለት ብዙ አባቶችን ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ የፕሮስቴት እጢ ማደግ ነው። ስንፈተ ወሲብም ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ለሁለቱም መድኃኒት አለ። ጣጣው የሚመጣው አንዱን ለሐኪም ነግሮ ሌላውን ሲደብቁ ነው።

የልብ መድኃኒት እየወሰዱ ቪያግራ መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ይልና «ለጓደኛዬ ነው» ይባላል። ስለ ጓደኛው ልብ ማን ይጠይቃል? ቪያግራ የሚባለው ሲልዴናፊልም ሆነ ሲያሊስ የሚባለው ታዳላፊል የደም ሥር ያሰፋሉ። ለደረት ውጋት የሚታዘዙት አይሶሶርባይድና ምላስ ስር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም እንደዚያው። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ይወርዳል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። ሲልዴናፊል ከወሰዱ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ሳያልፍ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም። ስለዚህ ደረትዎን ወግቶዎት ድንገተኛ ክፍል ከገቡ፣ ልጆችዎ አጠገብዎ ቢቆሙም እንኳ ምን እንደወሰዱ ይናገሩ።

«የወንድ ኃይል» ተብሎ የሚሸጠው ማርና ዱቄትም ከዚህ አያድንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በእንዲህ ዓይነት ምርቶች ውስጥ ሳይጻፍ የተቀላቀለ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ደጋግሞ አግኝቷል።

የሽንቱን ኪኒን በባዶ ሆድ መዋጥ

ታምሱሎሲን በፕሮስቴትና በፊኛ አንገት ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላል። የተለመደው መጠን 0.4 ሚሊግራም ነው። በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ማዕድ ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ ሲሆን ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ከፍ ስለሚል ማዞር ይበዛል። ከቁርስ በኋላ የለመደ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም፤ ኪኒኑን ግን እንደ ልማዱ ጠዋት ይውጣል። ከዚያ ቅዳሴ ላይ ዞሮት ይወድቃል። ሐኪምዎን አማክረው ከእራት በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ረመዳን ላይም ከአፍጥር በኋላ። ሌሊት ሲነሱም ዘለው አይቁሙ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ካፕሱሉን ከፍተው ወይም አኝከው አይውሰዱ።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ነገር፦ ይሄ መድኃኒት የዘር ፈሳሽን ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሊያስቀር ይችላል። ስንፈተ ወሲብ አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። ይህን የነገራቸው ስለሌለ ብቻ መድኃኒቱን የሚጥሉ አሉ።

ሁለቱን መድኃኒት በአንድ ሰሞን መጀመር

የሽንቱም የወሲቡም መድኃኒት የደም ግፊት ያወርዳሉ። መጀመሪያ የሽንቱ ይለመዳል። ከዚያ ሲልዴናፊል ካስፈለገ ከዝቅተኛው፣ ከ25 ሚሊግራም ይጀመራል። በየቀኑ የሚወሰድ 5 ሚሊግራም ታዳላፊል ደግሞ ለሁለቱም ችግር ይሠራል፤ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት ማደግ የተፈቀደው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ፊናስቴራይድን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው

ፊናስቴራይድ ሌላው የፕሮስቴት መድኃኒት ነው፤ ጡንቻ አያላላም፣ እጢውን ራሱን ቀስ በቀስ ያሳንሳል። ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ወር ያቆመው ሰው ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። አንዳንዱን ሰው የወሲብ ፍላጎቱን ይቀንስበታል። ይሄ ከታየ ዝም ብለው አያቁሙ፣ ይናገሩ። ፒኤስኤ የተባለውን የፕሮስቴት ደም ምርመራ ውጤትም በግማሽ ያህል ያወርዳል። መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ያላወቀ ሐኪም ቁጥሩን አይቶ «ደህና ነው» ሊልዎት ይችላል። የተሰባበረውን ኪኒን ነፍሰ ጡር እንዳትነካው።

ቪያግራን በአንድ ሌሊት መፍረድ

ክትፎ በልቶ፣ ቢራ ጠጥቶ፣ ውጦ ወዲያው መጠበቅ! ቅባት የበዛበት ምግብ ያዘገየዋል። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ ያለ ስሜት ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ብልት ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይበርድ ከቆየ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለጉንፋን ያገኙትን መዋጥ

ሱዶኤፌድሪን ወይም ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ሽንትን ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ ያለው መፍትሔ ቱቦ ማስገባት ነው። ጫትም የሽንትን ፍሰት ያዳክማል።

ለዓይን ሐኪሙ አለመናገር

«ሽንትና ዓይን ምን አገናኛቸው?» ይባላል። ታምሱሎሲን የዓይን ብሌን በደንብ እንዳይከፈት ስለሚያደርግ የሞራ ቀዶ ሕክምናን ያከብዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅበታል። መድኃኒቱን ድሮ ወስደው አሁን ትተውት ከሆነም ይንገሩት።