ከመኪና ማስነሻ ቁልፍ ኤሌክትሪክ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁልፉ በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ለተለያየ ሽቦ ነው። ቁልፉ የሚቆምባቸው ደረጃዎች አክሰሰሪ፣ ኦን እና ስታርት ናቸው። አክሰሰሪ ላይ ሬዲዮና ቻርጀር ይሠራሉ። ኦን ላይ ዳሽቦርዱ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና የነዳጅ ፓምፑ ይጨመራሉ። ስታርት ላይ ሞተሪኖው ይዞራል፤ አቅሙ ሁሉ ወደ እሱ እንዲሄድም የአክሰሰሪው መስመር ለጊዜው ይቋረጣል።

ሽቦን በቀለሙ ገምቶ መቀጠል። ቀለም ከመኪና መኪና ይለያያል። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ጥቁሩን ጫፍ ከቦዲ ጋር፣ ቀዩን ከሚለካው ሽቦ ጋር ያገናኙ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ደረጃ በደረጃ ያዙርልዎ። አክሰሰሪና ኦን ላይ 12 ቮልት ገደማ አሳይቶ ስታርት ላይ ዜሮ የሚሆነው የአክሰሰሪ ሽቦ ነው። የነዳጅ ፓምፕ በስህተት ከዚህ ሽቦ ከተቀጠለ ሞተሪኖው እየዞረ ፓምፑ ይቆማል፤ ሞተሩም ለመነሳት ይቸገራል።

ከባድ የኤሌክትሪክ ጭነትን በቀጥታ በስዊቹ (ቁልፉ በሚያዞረው ማብሪያ ማጥፊያ) ማሳለፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት ተጨማሪ መብራቶች 9 አምፒር ገደማ ይስባሉ። የስዊቹ መገናኛዎች ይህን ጭነት ታስበው አልተሠሩም፤ ይግላሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። መፍትሔው ሪሌ ነው፤ ይህም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። 30፣ 87፣ 86 እና 85 በሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው ሽቦ በ15 አምፒር ፊውዝ አልፎ ወደ 30 ይግባ፤ ከ87 ወደ መብራቱ ይሂድ። ከቁልፉ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ 86 ላይ፣ 85ን ደግሞ ከቦዲ ጋር ያገናኙ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ከእሱ በፊት ያለው ሽቦ ቦዲ ከነካ የሚያቋርጠው ነገር የለምና።

መኪናው ሲነሳ ሬዲዮው ለአፍታ ስለጠፋ ባትሪ መቀየር። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ስዊቹ የተሠራው እንዲሁ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ኦን ላይ መተው። ሬዲዮ ብቻ ከፈለጉ አክሰሰሪ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ባትሪ ይጨርሳል። ሙሉ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.0 ከደረሰ አብዛኛው አልቋል።

ከባድ የቁልፍ እስር ማንጠልጠል። ጄኔራል ሞተርስ በ2014 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሚሊዮኖች መኪኖችን ለጥገና የጠራው ስዊቻቸው በእስሩ ክብደት ወይም በመንገጫገጭ ከኦን ወደ አክሰሰሪ ሊንሸራተት ስለሚችል ነው። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤርባጉም ላይሠራ ይችላል። ማስነሻው ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ይተዉ።

ሳይለኩ ስዊች መለወጥ። ቁልፉን ኦን አድርገው ማራገቢያውን ይክፈቱ፤ በስዊቹ መግቢያና መውጫ መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ከ0.2 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ0.5 ካለፈ መገናኛው ተበልቷል። የመሪውን ሽፋን ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቁ፤ የኤርባጉ ሽቦ በዚያው ስለሚያልፍ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ ይጠብቁ።