የዲሲ ካውንስል ለኪራይ እርዳታ በጀት እንዲጨምር እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኪራይ ለተቆለለበት ሰው ኢራፕ የሚባል የከተማው እርዳታ አለ። ውዝፍ ኪራይ ይከፍላል፣ አዲስ ቤት ለሚገባ ደግሞ ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር። ብዙ አበሻ ያውቀዋል። ግን እርዳታው መብት አይደለም። በከተማው ሕግ ቤት የሌለው ሰው መጠለያ የማግኘት መብት ያለው ብርዱ ወይም ሙቀቱ ከባድ ሲሆን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ካውንስሉ (የከተማው ምክር ቤት) በየዓመቱ በሚመድበው ገንዘብ ልክ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በጀቱ ሳይጸድቅ መናገር አለብን። (ፍርድ ቤት የተጠራችሁ ግን ይህን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ነፃ የተከራይ ጠበቃ ፈልጉ።)

መጀመሪያ ጊዜውን እወቁ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቢሆንም ነገሩ የሚወሰነው ቀደም ብሎ ነው። ከንቲባው በጀቱን ለካውንስል የሚልከው ክረምቱ ወጥቶ ስፕሪንግ ሲገባ ነው፤ ከዚያ የካውንስሉ ኮሚቴዎች በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ ሂሪንግ፣ ማለትም ሕዝብ ቀርቦ የሚናገርበት ስብሰባ፣ ይጠራሉ። እናንተ የምትፈልጉት የዲፓርትመንት ኦፍ ሂውማን ሰርቪስስን ሂሪንግ ነው። ኢራፕም ሼልተሮቹም በእሱ ሥር ናቸው። ቀኑን ከካውንስሉ ድረ ገጽ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ኦንላይን ተመዝገቡ። ለመናገር ዜጋ መሆን አያስፈልግም። መናገር የከበደው ጽፎ መላክ ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ሰውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ የሚያዝ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም በከተማው ከሚሠራባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ። ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው፣ ሰላምታ አታብዙ። እንዲህ በሉ፦

«ዋርድ 4 ነው የምኖረው። ፓርኪንግ እሠራለሁ። ሰዓት ሲቀንሱብኝ የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቀመብኝ። ኢራፕ ሳመለክት ተዘግቷል ተባልኩ። አሁን ከልጆቼ ጋር ዘመድ ቤት ሳሎን ነው የምንተኛው። የኢራፕ በጀት ከአምናው እንዲጨምር እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በምንም ዓይነት እንዳትተዉ። ሰሚው ቢያዝንም ምን እንደፈለጋችሁ ካልነገራችሁት የሚጽፈው ነገር የለውም።

ሳሎኗንም ያነሳሁት በምክንያት ነው። በየጃንዋሪው በአንድ ሌሊት የሚደረገው የቤት አልባዎች ቆጠራ ጎዳናና ሼልተር ያለውን ይቆጥራል እንጂ ዘመድ ሶፋ ላይ ያደረውን አይቆጥርም። የእኛ ሰው ደግሞ ሲቸግረው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጋው ወገኑ ጋ ነው፣ ገመናውንም አያወጣም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፣ ቁጥሩ ውስጥ ያልገባ ሰው ካልተናገረ ማን ያውቅለታል? እርግጥ ሂሪንጉ ይቀረጻል፣ ማንም ሊያየው ይችላል። የልጆቻችሁንና ያስጠጋችሁን ሰው ስም አትጥሩ። ራሳችሁ መቅረብ ካልፈለጋችሁ ጉዳዩን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የእድር ሰው ይናገርላችሁ።

ንግግሩን ስትጨርሱ እዚያው አትተዉት። ካውንስሉ 13 አባላት አሉት፤ ከእነሱ ውስጥ የዋርዳችሁ (የምርጫ ክልላችሁ) ተወካይ፣ አራቱ የመላው ከተማ ተመራጮችና ሊቀመንበሩ በቀጥታ የእናንተ ናቸው። ለስድስቱም ያንኑ ንግግር በኢሜል ላኩ። «ገንዘብ የለም» ካሏችሁ 2021ን አስታውሷቸው። ያን ዓመት ካውንስሉ በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ በሚያገኙ ሰዎች ላይ የገቢ ግብር ጨምሮ፣ ከተሰበሰበው ከፊሉን ቤት ለሌላቸው የቤት ቫውቸር፣ ማለትም ለኪራይ መክፈያ ድጋፍ፣ አውሎታል።

በጀቱ ሲጸድቅ ለኢራፕ ስንት እንደተመደበ እዩና ለሰፈሩ ሰው ንገሩ። ማመልከቻው የሚከፈትበትን ቀንም አብራችሁ ንገሩ፣ ቶሎ ነው የሚሞላው።