አሮጌ መጻሕፍትን ከመሸጥዎ በፊት ዋጋቸውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ቤት ሲቀየር ወይም የሟች ንብረት ሲከፋፈል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው መጽሐፍ ነው። ቆራሌው ይጠራል፣ ጆንያው ይመዘናል፣ በኪሎ ሂሳብ ይከፈላል። ሚዛኑ ግን ከስድሳ ዓመት በፊት የታተመውን መዝገበ ቃላትና ያለፈው ዓመት የፈተና መለማመጃን አይለይም። መለየት ያለበት ባለቤቱ ነው፤ ደግሞም የተለየ ሙያ አይጠይቅም። ትዕግሥትና ስልክ ያለው ሰው አብዛኛውን ሥራ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጨርሰው ይችላል።

መጀመሪያ ምንም ሳያስተካክሉ ይለዩ

የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ የላላውን ጥራዝ በኮላ አያጣብቁ፤ አዲስ ሽፋን አያስለብሱ። ፕላስተር ከጥቂት ዓመት በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ያደርጋል፣ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሳል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። የድሮ ባለቤት ስም ቢኖርበትም አይፋቁት፤ ሰውየው የታወቀ ከሆነ ስሙ ራሱ ዋጋ ይጨምራል።

ከዚያ ክምሩን ይክፈሉት። በእጅ የተጻፈና ብራና የሆነው ለብቻው፣ በአማርኛና በግዕዝ የታተመው ለብቻው፣ ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ለብቻው ይቀመጥ። የትምህርት ቤት መማሪያ፣ የፈተና መለማመጃና አሮጌ መጽሔት ወደ ጎን ይቆይ። እግረ መንገድዎን እያንዳንዱን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርገው ያራግፉ። የድሮ ሰው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና ደረሰኝ በመጽሐፍ መካከል ያስቀምጥ ነበር፤ አንዳንዱ ወረቀት ከመጽሐፉ የበለጠ ለቤተሰብ ይጠቅማል።

ብራና ከሆነ ሌላ መንገድ አለው

ብራናውን እንደ ሌላው መጽሐፍ ዋጋ ለመጠየቅ አይቸኩሉ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም። በግል እጅ ያለ ቅርስ ባለቤትነቱ ሲተላለፍም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። «ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይሂድ» የሚለው ሐሳብ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መጽሐፉንም ዘመዱንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ቀጥሎ መጽሐፉ የማን እንደነበር ይመርምሩ። በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ የገዳም ወይም የደብር ስም፣ የስጦታ ቃል፣ «የሰረቀው ወይም የፋቀው» ብሎ የሚጀምር ግዝት ይኖር ይሆናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ይታያሉ። መጽሐፍዎ የአንድ ደብር ንብረት ሆኖ እዚያ ከተመዘገበ ጥያቄው የዋጋ መሆኑ ይቀርና የመመለስ ይሆናል።

ያረጀ የሚመስለው ሁሉም አላረጀም። ለጎብኚ የሚሸጡ፣ በጭስና በቅባት የተጠቆሩ አዳዲስ ብራናዎች ሞልተዋል። ጥቁረቱ በየገጹ እኩል ከሆነ ይጠርጥሩ። በእውነት የተጸለየበት ዳዊት የሚወይበው ጣት በሚያርፍበት በታችኛው ጠርዝ ነው፤ መሐሉ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

የታተመበትን ዓመት ያንብቡ

በታተሙ መጻሕፍት ላይ ገበያውን የሚወስነው እትሙ ነው። የውስጥ ሽፋኑን ይክፈቱ። የድሮ መጻሕፍት ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ አኃዝ ይጽፋሉ፤ ፲፱፻፶፰ ማለት 1958 ነው። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፶፰ ሃምሳ ስምንት ነው፤ የመጀመሪያው ከመቶው ጋር ይባዛል፣ የቀረው ይደመራል። ቁጥሩ ሰባት ሺህ ቤት ከገባ የተጻፈው በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠር ዓመት ነውና 5500 ይቀንሱ፤ ፸፬፻፶ ወይም 7450 ዓመተ ምሕረቱ 1950 ነው። በውጭ አገር የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ የፈረንጁን ዓመት ይዘው ይገኛሉ። ይህ በኋላ ዋጋ ሲፈልጉ ይጠቅማል፤ የ1958 መጽሐፍ በውጭ ሻጮች ዘንድ 1965 ወይም 1966 ተብሎ ሊመዘገብ ስለሚችል በሁለቱም ይፈልጉ።

ዓመቱ የተጻፈበት ቅጠል ከጠፋ ማተሚያ ቤቱ ይረዳል። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ጀምሮ ስላለ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ኩራዝ አሳታሚ የሚል ካለ ግን መጽሐፉ ከአብዮቱ ወዲህ የወጣ ነው። በሮም፣ በአስመራ ወይም በድሬዳዋ የታተሙ የቆዩ መጻሕፍት ካገኙ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያውጧቸው፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል።

የመጀመሪያ እትም አብዛኛውን ጊዜ «አንደኛ እትም» አይልም፤ ዝም ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው የሚናገሩት። የሚያስቸግረው ከአሮጌው መጽሐፍ በፎቶ ተነሥቶ የታተመ ቅጂ ነው፤ የድሮውን ዓመተ ምሕረት እንዳለ ይዞ ይወጣል። ለመለየት ገጹን በጣትዎ ከጀርባው ይዳስሱ። በፊደል ለቀማ፣ ማለትም በተደረደሩ የብረት ፊደላት የታተመ መጽሐፍ ፊደሉ ወረቀቱን ስለሚጫነው ከኋላ ትንሽ ሻከር ይላል። ቅጂው ልሙጥ ነው፤ የዐ፣ የፀ ወይም የመ ቀዳዳም በቀለም ተደፍኖ ይታያል። በጀርባ ሽፋን የታተመው ዋጋም ይመሰክራል፤ በሳንቲም የሚጻፍ ዋጋና በመቶ ብር የሚጻፍ ዋጋ አንድ ዘመን አይደሉም።

ምሉእነቱንና ጉዳቱን ይመዝግቡ

ገጽ በገጽ ይቁጠሩ። መዝገበ ቃላት ብዙ ስለሚገለጥ «ሀ» እና «ፐ» ላይ ይጎድላል፤ ገዢ የሚያየውም መጀመሪያ እዚያ ነው። በውጭ ቋንቋ የተጻፉት የጉዞ መጻሕፍት ላይ ካርታውና ሥዕሉ ዋናው ነገር ነው። የስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የአባይ ምንጭ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤድንብራ ሲታተም አምስት ቅጽ ነበር፤ አንዱ ቅጽ ብቻውን ወይም ካርታው የተቀደደ ሙሉ ስብስብ ከምሉእ ጋር በአንድ ዋጋ አይታይም።

ምስጥ የበላው፣ ሻጋታ የያዘው፣ ውኃ ያበጠው ይጻፍ። የደራሲው ፊርማ ካለ ፎቶ አንሥተው ለብቻ ይያዙት። የቤተ መጻሕፍት ወይም የትምህርት ቤት ማኅተም ካለ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን ሳያረጋግጡ ገበያ አያውጡት። ብዙ ቤት ውስጥ ተውሶ ያልተመለሰ መጽሐፍ አለ፤ እሱን መመለስ አሁንም ይቻላል።

ፈላጊ አለው ወይ?

እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በደርግ ዘመን ከሞስኮ በአማርኛ እየታተሙ የገቡ የፖለቲካ መጻሕፍት ወረቀታቸው ጥሩ፣ ጥራዛቸው ጠንካራ ነው፤ ግን በብዛት ስለገቡ ፈላጊያቸው ጥቂት ነው። በተቃራኒው በጥቂት ቅጂ የታተመ የአንድ አውራጃ ታሪክ፣ የቅኔ መድበል ወይም የቤተሰብ የዘር ሐረግ በሳሳ ወረቀት ላይ ታትሞም ይፈለጋል።

በ1975 የወጣው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ስለተሰበሰበ የመጀመሪያው እትም ብርቅ ሆነ። በኋላ ግን በተደጋጋሚ ታትሟል። ስለዚህ ማንበብ ብቻ የሚፈልግ ሰው አዲሱን ይገዛል፤ ለአሮጌው ተጨማሪ የሚከፍለው ሰብሳቢ ብቻ ነው። እርስዎ የያዙት የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ «ኦሮማይ አለኝ» ቢሉ ዋጋ አይነገርዎትም፤ ቢነገርዎትም የሌላው እትም ዋጋ ነው።

አሁን ዋጋ ይጠይቁ

ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጻፈው ዋጋ ምኞት ነው፤ መጽሐፉ ሳይሸጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። እንደ ኢቤይ ባሉ ገበያዎች የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ይጠቀሙ። የመጽሐፍ ሻጮች ድረ ገጽ በሆነው አቤቡክስ ላይ የሚያዩት ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለአማርኛ መጻሕፍት የቴሌግራም መጽሐፍ ሻጮች ይሻላሉ፤ የቆዩ ማስታወቂያዎችን ወደኋላ እየሳቡ «ተሽጧል» የተባሉትን ይዩ። መጽሐፉ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር ወይም በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ካታሎግ ውስጥ ካለ የጎደለዎትን የገጽ ብዛትና የኅትመት ዓመት ከዚያ ያገኛሉ።

ቀጥሎ በአካል። አዲስ አበባ ላሉ መርካቶ፣ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትርና አራት ኪሎ ዙሪያ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ይታወቃሉ፤ የመንገድ ዳሮቹ በከተማው ግንባታ ምክንያት ቦታ ስለሚቀይሩ አካባቢውን ይጠይቁ። መጻሕፍቱን ተሸክመው አይሂዱ። ከአንዱ ዘንድ እንደ ገዢ ሆነው «ይህ መጽሐፍ አለህ? ስንት ነው?» ይበሉ። ከሌላው ዘንድ ፎቶውን አሳይተው ስንት እንደሚገዛዎት ይጠይቁ። ከሁለት ሦስት ሰው ይስሙ። ነጋዴው የቤት ኪራይ አለበት፣ መጽሐፉም ሳይሸጥ ወራት ሊቆይበት ይችላል፤ በሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ቢሰጥዎ አጭበረበረኝ አይበሉ። ከዚያ በላይ ከፈለጉ ራስዎ ሰብሳቢውን መፈለግ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል።

«ሁሉንም በጅምላ ልውሰድልህ» የሚል ከመጣ ክምሩን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፍበትን ልብ ይበሉ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጦ እንዲወስድም አይፍቀዱ፤ የተረፈውን በኋላ የሚያነሣልዎ አይኖርም። ዝርዝር ካለዎት «እነዚህ ስድስቱ ለብቻ፣ የቀረው በአንድ ላይ» ብሎ መደራደር ቀላል ነው።

ውጭ አገር ያለ ገዢ ከሆነ የተቀደደውን፣ የተጻፈበትንና ማኅተም ያለበትን ገጽ ሁሉ በፎቶ አስቀድመው ይላኩለት። የፖስታውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ከዋጋው ጋር አብረው ይስማሙ፤ መጽሐፍ ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል። መጽሐፉ በጣም ያረጀ ከሆነ የታተመም ቢሆን ከመላክዎ በፊት ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ከባንክዎ ያረጋግጡ፤ የማስተላለፊያውን ፎቶ ብቻ አይተው መጽሐፉን አይስጡ።