ወላጅን ይዞ የስኮትላንድ የታችኛው ሊግ ጨዋታ ለማየት እንዴት መሄድ ይቻላል?

ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው አባቱን ወይም እናቱን ኳስ ሜዳ ለመውሰድ ሲያስብ ቀድሞ ትዝ የሚሉት ሁለቱ ትልልቅ የግላስጎው ክለቦች፣ ሴልቲክና ሬንጀርስ ናቸው። የሁለቱን ትኬት ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፤ ቢገኝም በዕድሜ የገፉ ሰውን ከ50 ሺህ በላይ በሆነ ሕዝብ መሐል ይዞ መግባትና መውጣት ያደክማል። ከከፍተኛው ሊግ፣ ከፕሪሚየርሺፑ፣ በታች የሚገኙት ቻምፒየንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ እያንዳንዳቸው 10 ክለቦች ያሏቸው ሲሆን፣ በአብዛኛዎቹ ሜዳዎች ጨዋታውን ከመስመሩ በጥቂት ሜትር ርቀት፣ ሳይጋፉና እየተጨዋወቱ ማየት ይቻላል። ለወላጅ የሚመቸው ይህኛው ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቡድኑ ሳይሆን ሜዳው ነው። ከባቡር ጣቢያው ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ጣራ ያለው መቀመጫ መኖሩንና ነፋሱ እንዴት እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ወላጅ ደምባርተን ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከግላስጎው በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ በከተማው ትልቅ አለት ሥር ያለው ሜዳም የተመልካች ቦታው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተቀምጦ ያያል። ይህ ትንሽ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1891 የመጀመሪያውን የስኮትላንድ ሊግ ዋንጫ ከሬንጀርስ ጋር በጋራ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብቻውን መውሰዱን ባቡር ላይ ቢያነሱት ጥሩ የመንገድ ጨዋታ ይሆናል።

ወላጅዎ በደንብ የሚራመዱ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው አርብሮዝን ነው። ከተማዋ ከደንዲ በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ የምትርቅ ሲሆን፣ ጌይፊልድ የተባለው ሜዳ ከሰሜን ባሕር ዳር የተሠራ በመሆኑ ማዕበል በሚበረታበት ቀን ውኃው አጥሩን ተሻግሮ ይረጫል፤ በረኛው ወደ ላይ የለጋው ኳስ ነፋስ መልሶት ወደ ራሱ ክልል ሲመጣም ይታያል። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1885 አርብሮዝ ቦን አኮርድ የተባለውን ቡድን 36 ለ 0 ያሸነፈው በዚሁ ከተማ ነው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2021/22 የውድድር ዘመን፣ በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ በሚሠሩ ተጫዋቾች ቻምፒየንሺፑን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ የሚሠራ ተጫዋች ታሪክ፣ የድሮውን የአገር ቤት ኳስ ለሚያስታውሱ አባት ብዙ ወግ ያስነሳል።

ቀጥሎ ቀኑን ይወስኑ። ውድድሩ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ጨዋታው እንደተለመደው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል። በታኅሣሥ ወር ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ፀሐይ ስለምትጠልቅና ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ወላጅን በመስከረም ወይም በሚያዝያ መውሰድ ይመረጣል። በክረምት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ሳሩ በረዶ ሲሠራ ጨዋታው በዕለቱ ጠዋት ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ከቤት ሳይወጡ የክለቡን ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ሞንትሮዝ፣ አሎዋና ፎርፋር ያሉ ሰው ሠራሽ ሣር ያነጠፉ ሜዳዎች ከዚህ ችግር በመጠኑ ያድናሉ።

ትኬት በአብዛኛው በዕለቱ በር ላይ ይገኛል። ለአረጋውያን የሚደረገው ቅናሽ በብዙ ክለቦች ከ65 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ መያዝ አይከፋም። ክለቡ ጥሬ ገንዘብ ይቀበል ወይም በካርድ ብቻ ያስከፍል እንደሆነም ይጠይቁ። ነዋሪ የሆኑና 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በስኮትላንድ አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራሉ፤ ለጉብኝት የመጡ ወላጅ ግን ይህ አይመለከታቸውም።

ልብስን በተመለከተ ይሉኝታ አያስፈልግም። ከላይ የሚደረበውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሚረሳው እግር ነው። ሲሚንቶው ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ እግር በጫማው ሶል በኩል ስለሚቀዘቅዝ ሁለት ካልሲ መደራረብና የሚቀመጡበት ነገር መያዝ ይገባል። ጋቢ ካለ ደግሞ ጉልበት ላይ ጣል ለማድረግ የሚተካከለው የለም፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይግቡ። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ጥላ ፎቅና ካታንጋ ለሚያውቁ ወላጅ የመቀመጫውና የመቆሚያው ልዩነት ማብራሪያ አያሻውም። የደጋፊዎች መለያያ አጥር በሌለበት ዕለት ቆመው የሚያዩ ሰዎች በእረፍት ሰዓት ቡድናቸው ወደሚያጠቃበት ጎል ጀርባ ተያይዘው ይሻገራሉ፤ ወላጅዎ ቆመው ከሆነ እግር ለማፍታታት አብሮ መሄድ ደስ ይላል። ሕዝቡ ጥቂት ስለሆነ በረኛው ተከላካዮቹን ሲቆጣ፣ አሰልጣኙ ከመስመር ዳኛው ጋር ሲከራከር ቃል በቃል ይሰማል። ስድቡም እንዲሁ ይሰማል፤ እናትዎ ይህን የማይወዱ ከሆነ ከጎል ጀርባ ይልቅ ቤተሰብ የሚበዛበትን የመቀመጫ ክፍል ይምረጡ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስኮትላንድ ሜዳ ዋና ምግብ በክብ ሊጥ የተጋገረ፣ በወጉ ከበግ ሥጋ የሚዘጋጅ ፓይ ሲሆን፣ አብሮት የሚጠጣው ቦቭሪል የተባለው ትኩስ መጠጥም የበሬ ሥጋ ጭማቂ ነው። የውድድሩ ወራት የነቢያትንም ሆነ የሁዳዴን ጾም ስለሚያካትቱ፣ ለሚጾሙ ወላጅ ከሱቁ የሚሆነው ሻይና ቺፕስ ነው፤ ቺፕሱም በእንስሳት ስብ አለመጠበሱን መጠየቅ ይገባል። ሥጋው ሐላል መሆኑን ለሚሹም ሳይጠይቁ መግዛት አይበጅም። ኪስ ውስጥ የተያዘ ቆሎ ሁሉንም ይገላግላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የሴልቲክና የሬንጀርስ ደጋፊዎች በዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከተደባደቡ በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት፣ በተራው ተመልካች ቦታ ቢራ በአብዛኛው አይሸጥም፤ ይዞ መግባትም ክልክል ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ሁሉንም ነገር ለማስረዳት አይጣደፉ። ደረጃውን፣ ማን ወደ ላይ ለማለፍ ማን ላለመውረድ እንደሚጫወት በአጭሩ ከነገሯቸው በኋላ ፍርዱን ለእሳቸው ይተዉት፤ አጠገብ ያለው ሽማግሌ ደጋፊም ከየት እንደመጡ መጠየቁ አይቀርምና በማስተርጎም ይርዷቸው።

መመለሻውን ባቡር ከመግባትዎ በፊት ያረጋግጡ። ጨዋታው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስለሚያልቅና ከትንንሽ ከተሞች የሚነሱት ባቡሮች የተራራቁ ስለሆኑ፣ በወላጅዎ እርምጃ ጣቢያ ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ አስልተው የሚቀጥለውን ይያዙ፤ ባዶ መቆሚያ ላይ አርባ ደቂቃ በብርድ ከመጠበቅ አንድ ካፌ ገብቶ ሻይ መጠጣት ይሻላል።